በኤላሪ ሐይቅ ያልዞረው ዋንጫ

ከዚህ በታች የምታነቡት ታሪክ አንዲት ጠብታ ውሸት የለበትም። ከራሴ አንዲት ቃል ጨምሬበት ከተገኘሁ ይህች የምጽፍባት እጄ እንደ ጥር ወር ቧንቧ ደርቃ ትቅር። ያጫወተኝ የታሪኩ ባለቤት ዋቲ ጌዲስ ነው። ዋቲ ደግሞ በኪንባሪ መንደራችን ብቻ ሳይሆን በመላው ስኮትላንድ የሐይቅ በረዶን ውፍረት በጫማው ኮቴ ድምፅ ብቻ መናገር የሚችል ብቸኛ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር ካለ፣ ጥርጣሬውን ታቅፎ እቤቱ ይቀመጥ።

የምጽፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። ብሔራዊ የከርሊንግ፣ ማለትም ድንጋይ በበረዶ ላይ እያንሸራተቱ ክብ ውስጥ የማስገባት ጨዋታ፣ ማኅበራችን ያን የወረርሽኝ ዓመት እንዴት እንዳሳለፍነው ለተከታዩ ትውልድ ትምህርት የሚሆን ታሪክ ፈልጎ፣ በዓመታዊ መጽሐፉ አወጣዋለሁ ብሏል። ከዋቲ ታሪክ የበለጠ ትምህርት ከየት ይመጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። መጋቢት ላይ ውድድሩ መሃል ለመሃል ተቋረጠ። ድንጋዮቹ ክቡ ውስጥ እንደተቀመጡ፣ መጥረጊያዎቹ ግድግዳ እንደተደገፉ መብራት ጠፋ። የየአዳራሹ በረዶ ቀልጦ በቱቦ ወጣ። የእኛ አዳራሽ ውሃ ብቻውን፣ ዋቲ እንደለካው፣ ወንዛችንን ሦስት ክንድ ከፍ አድርጎታል። የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ትሪና ሎጋን ሁለት ሠራተኞች ብቻ ቀርተውላት፣ ከገዛ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ሆና የአገሩን ተጫዋች ሁሉ ታስተዳድር ጀመር። በየማክሰኞው በኮምፒውተር ትሰበስበናለች። መጀመሪያ ላይ በስክሪኑ ከጉንጫችን በስተቀር ሌላ ነገር የማይታይ ሽማግሌዎች ነበርን፤ ከወር በኋላ ግን ሁላችንም ሙሉ ፊት ሆንን። ድንጋይ ስለሌለን የሻይ ማንቆርቆሪያ በወጥ ቤታችን ወለል ላይ እያንሸራተትን ተጋጠምን። የዋቲ ማንቆርቆሪያ ከምድጃው ሥር ተነስታ፣ ኮሪደሩን አቋርጣ፣ በተከፈተው በር ወጥታ የጎረቤት ጎመን መሃል ገብታለች። ይህን ያዩ ምስክሮች አሉ።

የዋቲ ሥራ ግን ማንቆርቆሪያ አልነበረም። ማኅበሩ በየክረምቱ የኤላሪን ሐይቅ የሚለካለት ሰው እሱ ነው። በረዶው አሥራ ስምንት ሳንቲሜትር ከገባ ታላቁ ግጥሚያ ይታወጃል፤ የሰሜኑ አገር ከደቡቡ ሐይቁ ላይ ይገጥማል፤ ሁለት ሺህ ተጫዋች በአንድ ቀን ይወርድበታል። ክረምቱ እየሞቀ ስለሄደ ግን ያ ቀን ከመጣ አርባ ሁለት ዓመት አልፎታል። የዚያን ጊዜ ዋቲ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ለኢበን ራንኪን ቡድን በሚንሸራተተው ድንጋይ ፊት በረዶውን ይጠርግ ነበር። የዋቲ መጥረጊያ ከፍጥነቷ ብዛት ትጨስ እንደነበር እሱ ራሱ ነግሮኛል። ካፒቴኑ ኢበን በወረርሽኙ ጊዜ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነበር። በየክረምቱ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እየሄዱ ውሃውን በከዘራቸው ወጋ ያደርጉና አንገታቸውን ነቅንቀው ይመለሱ ነበር።

በተከታዩ ክረምት፣ በየካቲት፣ አዳራሾቹ ሁሉ እንደተዘጉ ብርዱ መጣ። ብርድ ስላችሁ እናንተ የምታውቁት ዓይነት አይደለም። አየሩ ጠጥሮ የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ከተመታ በኋላ ድምፁ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ዋቲ በመሰርሰሪያው ሐይቁን በስቶ፣ መለኪያውን ከተተና ለትሪና ደወለ።

«ስንት ገባ?» አለችው።

«ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር። ላም ነድተሽ ማሻገር ትችያለሽ።»

«ላም የለኝም፣ ዋቲ። ፈቃድም የለኝም።»

«አርባ ሁለት ዓመት እኮ ነው፣ ትሪና።»

«አውቃለሁ። እኔ ከተወለድኩ አላየሁትም። ግን ሁለት ሺህ ሰው ሰብስቤ ስንት ቤት መርዶ ልላክ? እስካሁን ከአባሎቻችን ስንቱን ቀበርን? አንተ ውፍረቱን ንገረኝ እንጂ ከእኔ እሺታ አትጠብቅ።»

«እና ሰውን ምን ልበለው?»

«በረዶው ደህና ነው፣ እኛ ግን ደህና አይደለንም በላቸው።»

ዋቲ ስልኩን ዘግቶ ገና ሳይቀመጥ ካፒቴን ኢበን አጥሩ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ዓይናቸው እንደ ልጅ ዓይን ያበራል።

«ሰማሁ» አሉ። «ሃያ ሁለት ነው አሉ።»

«ካፒቴን፣ ማኅበሩ ከልክሏል።»

«ማኅበሩ የከለከለው ታላቁን ግጥሚያ ነው። እኔ ታላቁን መች አልኩ? ትንሹን ነው።»

«ሕጉ ከሁለት ሰው በላይ አትሰብሰቡ ነው የሚለው።»

«ሐይቁ ስፋቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ተራርቀን ብንቆም ሕጉም አያየን።»

«የክትባት ቀጠሮዎ መቼ ነው?»

«የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ።»

«እንግዲያው እስከ ሐሙስ ይታገሱ።»

«በረዶው ይታገሳል? እኔና እሱ ማን ቀድሞ እንደሚቀልጥ በምን ታውቃለህ?» ሽማግሌው ሳቁ። «ዋንጫዋን ደግሞ አውጥቼ ወልውያታለሁ።»

ዋቲን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠው ይህች የመጨረሻዋ ነገር ናት። በእኛ አገር ጨዋታ ሲያልቅ ያሸነፈው ውስኪ ይቀዳል፣ የተሸነፈው ቀድሞ ይጠጣል። ከዚያ ባለሁለት ጆሮዋ የብር ዋንጫ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ዋንጫ ሳይቀባበል የተለያየ ቡድን ተጣልቶ እንደተለያየ ይቆጠራል። ልማዱ መልካም ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ስንት ኩርፊያ አብርዷል። በዚያ ዓመት ግን ሞትን በሁለት ጆሮዋ አንጠልጥሎ ለወዳጅ ማቀበል ነበር።

«ዋንጫዋስ ትቅር» አለ ዋቲ።

«ውስኪ ውስጥ ምን በሽታ ይኖራል? ቢገባም ሰክሮ መንገዱ ይጠፋዋል።»

«ከንፈር ግን ውስኪ አይደለም፣ ካፒቴን።»

«አንተ ልጅ ዘንድሮ ፈሪ ሆነሃል» ብለው ሄዱ።

ወሬው በአንድ ጀንበር አገሩን አዳረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ዋቲ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ከአራት መቶ የማያንስ ሰው ድንጋይና መጥረጊያውን ይዞ ቆሟል። መኪናው እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፏል። ሁሉም ዋቲን ይጠብቃል፤ በረዶው ደህና ነው ብሎ ቃሉን ካልሰጠ የሚረግጥ የለምና። ዋቲ ብቻውን ሃምሳ እርምጃ ወደ በረዶው ገብቶ ዞረና ሁለት እጁን ዘረጋ። ድምፁ ወዲያ ማዶ ያለውን ኮረብታ መትቶ ሲመለስ ከጥዶቹ በረዶ አራገፈ።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ይህ በረዶ አውቶቡስ ይሸከማል። የአንድ ሰው ሐዘን ግን አይሸከምም። አርባ ሁለት ዓመት የጠበቅን ሰዎች አንድ ዓመት መጨመር ያቅተናል? ዛሬ የምትቀባበሏት ዋንጫ ዋጋዋን በሚቀጥለው ሳምንት ማን እንደሚከፍልላችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ መሃል በዕድሜ የገፋው ይከፍላል። እሱም እናንተ ቆጥራችሁ የማትጨርሱት ውለታ የዋለላችሁ ሰው ነው።»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ካፒቴን ኢበን ናቸው። ቀስ ብለው ወደ ዋቲ ሄዱ፤ ሁለት ሜትር ሲቀራቸው ቆሙ፤ መጥረጊያቸውን በረዶው ላይ አስቀምጠው ወደ እሱ ገፋ አደረጉት።

«በዚህ ሐይቅ ላይ ዛሬ ካፒቴኑ አንተ ነህ» አሉት።

አራት መቶው ሰው ድንጋዩን ጭኖ ተመለሰ። ዋንጫዋ ያን ቀን ከሳጥኗ አልወጣችም። በማግሥቱ ዝናብ መጣና በሦስት ቀን ውስጥ ሐይቁ ውሃ ሆነ። ካፒቴን ኢበን መጋቢት ላይ በእርጅና፣ በገዛ አልጋቸው፣ የሚስታቸውን እጅ እንደያዙ አረፉ። ዋቲ አመስግነውት እንደሞቱ ያምናል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። ልማድ ጌታ ሲሆን ሎሌው ሰው ነው። አባቶቻችን ያቆዩልንን ደግ ነገር ሁሉ በማንኛውም ቀን፣ በማንኛውም ሁኔታ ካላደረግነው ብለን ስንሟገት፣ ደግነቱን ገድለን ልማዱን እንቀብረዋለን። በክፉ ቀን እንደ ዋቲ ያለ አንድ ቆራጥ ሰው ተነስቶ «ተመለሱ» ካለ፣ መንደር ይድናል።

እዚህ ላይ ጨርሼ ነበር። ትሪና ግን ስለ ሟች የሚናገር ጽሑፍ ለቤተሰብ ሳይነበብ አይታተምም ስላለች፣ በሰኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዤ ወደ ኢበን ባለቤት ወደ ወይዘሮ ኔታ ቤት ሄድኩ። ዋቲም አብሮኝ መጣ። ወይዘሮ ኔታ ሻይ ቀድተው፣ ብስኩት አቅርበው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጡኝ። ዋቲ አንድ ጊዜ ብቻ «አምስት መቶ ሳይሆኑ አይቀሩም» ብሎ አቋረጠኝ። ከዚያ በኋላ መስኮት መስኮቱን ያይ ጀመር።

ስጨርስ ወይዘሮ ኔታ ወረቀቱን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ቆንጆ ጽፈሃል» አሉኝ። «ግን አራት መቶ ሰው አልነበረም። ስምንት ነበርን፤ አራት በአራት። ንግግር ያደረገም የለም። ድንጋዮቹን በመኪናው ጭኖ ያመጣልን ዋቲ ነው። ስምንት ዙር ተጫወትን፣ ኢበን አሸነፈ። እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ሲበርደን ሐይቁ ዳር ካለው የጀልባ ማኖሪያ ቤት ገብተን በር ዘጋን፤ ኢበን ቀዳ፣ ዋንጫዋም ዞረች።»

ዋቲ ስኒውን አስቀመጠ።

«ዋቲ ጉሮሮዬን ትንሽ ይከረክረኛል ብሎ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «እኛም ውስኪው ይጠርግልሃል ብለን ሳቅን። ኢበን አልጋው ላይ አልሞተም። የሐሙሱ ክትባት ሳይደርስለት ሆስፒታል ገባ፤ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አንዲት ነርስ ስልክ ይዛለት ተሰናበትኩት። እጁን አልያዝኩም።»

«ታዲያ ይሄ ትምህርትነቱ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ትምህርቱ ልክ ነው። ሰዎቹ ናቸው ልክ ያልሆኑት። የሚያነቡት ልጆች አንድ ጎበዝ መጥቶ አዳናቸው ብለው ከተማሩ፣ ሌላ ክፉ ቀን ሲመጣ እነሱም ቁጭ ብለው ጎበዝ ይጠብቃሉ። እኛ ዘንድ ጎበዝ አልመጣም። ከስምንታችን አንዳችን ‹ዛሬስ ይቅር› ብንል ይበቃ ነበር። ሁላችንም አስበነዋል፤ ማንም አላለውም።»

ዋቲ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ወሬ እስኪያልቅ ታግሶ አያውቅም። ያን ቀን ታገሰ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ «እሳቸው ያሉት ነው እውነቱ» አለ። «ስሜን አትሰርዘው፤ እዚያው ይቀመጥ። ግን የገደልኳቸው እኔ መሆኔን ጻፍ።»

«እንደዚያ ብለህ አትጻፍ» አሉኝ ወይዘሮ ኔታ፣ ስኒውን ከፊቱ አንስተው ሻይ እየጨመሩለት። «ዋንጫዋን ከዋቲ እጅ ተቀብዬ ለኢበን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እሱን ጻፍ።»