መኪናችን የሚችለው መንገድ

«ሃያ ሁለት ሴንቲ» አለች ጠጠር፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ሆና።

ጀርባዋን ካርቶን ላይ አሳርፋ በአንድ እጇ ሜትር፣ በሌላው የስልኳን መብራት ይዛለች። አባቷ ከመኪናው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከየት እንደለካች ጠየቃት። ከኋላው አክሰል እብጠት እስከ መሬት መሆኑን ነገረችው።

«ጎሽ፣ መኪና የሚለካው በዝቅተኛ ቦታው ነው» አለና ደብተሩ ላይ እንድትጽፈው አዘዛት። ቀኝ እጁ ከታመመ ወዲህ እርሳስ አይጨብጥለትም።

አባቷ የበረሃ መንገድ ቀያሽ ነበር። እሷ ሕፃን ሳለች ሰባት ዓመት ሙሉ ሦስት ወር በረሃ፣ ዐሥር ቀን ቤት እያለ ኖሯል። ሲመጣ ኪሱ ውስጥ አንድ የሚያምር ድንጋይ አይጠፋም፤ «ጠጠር» የሚለውን ስም ያወጣላትም በዚያ ምክንያት ነው። አምና ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ሲዝልበት ሥራውን ተወ። አሁን አንድ ነገር ብቻ አማረው፤ ድንኳኑ ተተክሎበት የነበረውን የገደል አፋፍ ለሚስቱና ለልጁ ማሳየት። «የት ቀርቼባችሁ እንደነበር እዩት» ይላል።

ነርሷ እናቷ በስንት ልመና የአንድ ቀን ፈቃድ አግኝታለች። የምትነዳውም እሷ ናት። መኪናው ፎር ዊል ቢሆንም ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ነው፤ ከፍ አልተደረገም፣ ጎማውም የከተማ ጎማ ነው። እናቷ «ከተገዛ ወዲህ የጨመርንለት ጌጥ ቢኖር ጭረት ነው» እያለች ትቀልድበታለች። መንገድ መምረጡን አባቷ ለጠጠር ሰጣት።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው። የአሸዋውን አባቷ ራሱ ሰረዘው፤ ብቻውን የሚጓዝ መኪና አሸዋ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው፣ የደረቁ ወንዝ መንገድ፣ ረጅም ግን ደልዳላ ጠጠር ነው፤ ችግሩ የሚያደርሰው እስከ ገደሉ ግርጌ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ዳገቱ በእግር ነው። ሦስተኛው ተራራው መሐል የሚያልፈው አቋራጭ ሲሆን እስከ አፋፉ ያደርሳል። አባቷ ብዙም ሳያስብ «በአቋራጩ ነዋ፣ ስንቴ ወጥቼዋለሁ» አለ።

ጠጠር ግን የሰፈራቸውን የውኃ ቦቴ ሹፌር፣ ጋሽ አቧራውን፣ ጠየቀችው። እሱም ፎቶ ላከላት። ጎርፍ የአቋራጩን መግቢያ በልቶት ጉልበት የሚያህል የድንጋይ ደረጃ ወጥቷል። በስልክም ከፍ የተደረገ፣ ጎማው ትልቅ የሆነ መኪና እንደሚወጣው ነገራት። «የናንተ ግን የሞተሩን ዘይት መያዣ፣ ኮፓውን፣ እዚያው ጥሎላችሁ ይመጣል» አላት።

ልትነግረው ወደ ክፍሉ ስትገባ አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ የድሮ የበረሃ ጫማውን እየቦረሸ ያፏጫል። ከታመመ ጀምሮ ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም። አንጀቷን በላው። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ ዓይኖቿን ከሳህኗ ሳታነሳ፣ «አባዬ፣ አቋራጩ ተዘግቷል አሉ። የመንገድ ሠራተኞች ናቸው አሉ የዘጉት» አለችው።

እሱም እንግዲህ ምን ይደረጋል ብሎ ሻዩን ጠጣ። ወይ መኪናችን አይችልም፣ ወይ አንተ እንደ ድሮው አይደለህም ከማለት ይሄ ይሻላል ብላ ራሷን አጽናናች። ደስ ግን አላላትም።

የጉዞው ቀን መገንጠያው ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና ለጋ ነበረች። በግራ ወንዙ፣ በቀኝ አቋራጩ። አቋራጩ ላይ ገመድ የለ፣ በርሜል የለ፣ ሠራተኛ የለ። ትኩስ የጎማ ዱካ ብቻ ይታያል። አባቷ እናቷን እንድታቆም ጠየቃት።

«የተዘጋ አይመስልም» አለ።

እናቷ በመስታወቱ ውስጥ ጠጠርን አየቻት። የጠጠር ጆሮዎች ጋሉ።

«አልተዘጋም» አለች። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። መኪናችን አይወጣውም፣ አባዬ። ጎርፍ ቆርጦታል። ልነግርህ ስመጣ ግን እያፏጨህ ነበር።»

አባቷ በሩን ከፍቶ በከዘራው እየተደገፈ ወረደ። ጠጠርም ተከትላው መቶ እርምጃ የማይሞላውን መንገድ ቀስ ብለው ተጓዙ። ደረጃው በፎቶው ካየችው ይብሳል። አባቷ ከዘራውን ጥጉ ላይ አቁሞ ቁመቱን ለካው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩ ላይ የደረቀ የዘይት ጥቁረት በጣቱ ዳሰሰ።

«ያንዱ ምስኪን ኮፓ እዚህ ቀርቷል» አለ። «በኛም እንዲሁ ይሆን ነበር። የመረጥሽው ልክ ነው።»

ጠጠር ትንሽ ቀለል ሊላት ሲል ቀና ብሎ አያት።

«ድንጋዩ አላስከፋኝም፤ ድንጋይ ሥራው ነው። ምርጫውን የሰጠሁሽ ግን በዓይንሽ ልይ ብዬ ነው። አንቺ ከሸፈንሽብኝ በምን አያለሁ?»

ድምፁ አልተቆጣም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እንባዋ መጣ። እሱ በደህና እጁ ራሷን ወደ ደረቱ አስጠጋ፤ እናቷ ክላክስ እስክታሰማ ድረስ እንደዚያው ቆሙ።

ወደ ወንዙ ከመግባታቸው በፊት ጎማዎቹ መሬቱን እንዲቆነጥጡ ነፋሳቸውን ትንሽ ቀነሱ። ጠጠር ከኋላ ሆና ትላልቅ ድንጋዮችን እያየች ትጠቁማለች፣ አባቷ ማርሽ ይነግራል፣ እናቷ ሁለታችሁም አንድ ጊዜ አትናገሩ ትላለች። ሁለት ጊዜ ተሳስተው ተመለሱ። አንዴ እናቷ ከአባቷ ምክር ውጪ በራሷ መስመር አልፋ፣ ለረጅም ሰዓት ጉራዋን ስትነዛባቸው ቆየች። የመኪናው ሆድ ግን አንድም ድንጋይ ሳይነካ እኩለ ቀን ላይ ገደሉ ግርጌ ደረሱ።

አፋፉ ከላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። ወደ እሱ የሚያወጣው የእግር መንገድ በድንጋዮች መሐል ይጠማዘዛል። መሐሉ ላይ አንድ ግራር ብቻውን ቆሟል። አባቷ ከዘራውን ይዞ ወርዶ ወደ ላይ ብዙ አየ።

«እንዴት ነው፣ ይሄን እችለዋለሁ?» አለ። የጠየቀው ጠጠርን ነው።

ጠጠር ዳገቱን ከታች እስከ ላይ አየችው። የላላውን ኮረት፣ የእርከኖቹን ቁመት፣ ጥላ ያለበትንና የሌለበትን አንድ በአንድ ለየች። ከዚያ የአባቷን ቀኝ እግር አየች።

«እስከ ግራሩ ትችላለህ፣ ሁለቴ ካረፍን» አለች። «ከዚያ በላይ አትችልም፣ አባዬ።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። «ከግራሩ ሥር ሆኜ ድንኳኔ የነበረበትን በጣቴ ላሳያችሁ እችላለሁ» አለ።

ጠጠር ቀድማ ሄዳ የመጀመሪያውን ድንጋይ በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ሞከረችው። ይነቃነቃል። ተወችውና በግራ በኩል ያለውን፣ ጠፍጣፋውን መረጠች።

«በዚህ ና» አለች፣ እጇን ዘርግታ።