ከሀና ፍራሽ ሥር የወጣችው ተሙን

አቶ አገኘሁ ሞተው የተገኙት በገዛ ቤታቸው የድንጋይ ደፍ ላይ ነው፤ ማጅራታቸው ተፈንክቷል። የምኒልክን ዘመን ጥቃቅን የብር ገንዘቦች፣ ግርሹንና ተሙኑን፣ ከየገበያው ሲለቅሙ ያረጁ ሰው ነበሩ። ከሁሉ ብርቅ የሆነችው ተሙን፣ የአንድ ብር ስምንተኛ እጅ፣ ከልጃቸው ከሀና ፍራሽ ሥር ወጣች።

የንፋስ መውጫ ነፋስ የለቅሶውን ድንኳን ያንገላታዋል። ሁለት ፖሊሶች ሀናን ከአስከሬኑ አርቀው ይዘዋታል።

«ልቅበረው! ከቀበርኩት በኋላ ወዳሻችሁ ውሰዱኝ» ትላለች።

ኢንስፔክተር የትናየት መቀመጥ አልሆነላትም። አባቷን ሳትቀብር የቀረች ሴት እንዴት እንደምትኖር ታውቀዋለች፤ እሷም አንዷ ናት።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ገንዘቡን ሽጠው ብዬው ነበር። ጣራው ያፈሳል፣ እሱ ጥቁር ብሩን ታቅፎ ያድራል።»

«ለምን ጠቆረ?»

«ማንን ያስነካል! ሳይወለወል ኖሮ ነው። ልጅ ሳለሁ አንዷን በአመድ ብፈትጋት ‹ዕድሜዋን ገፈፍሻት› ብሎ አኩርፎኝ ሰነበተ።»

የትናየት ተሙኗን አወጣች። እንደ መስታወት ታበራለች። ጀርባዋ ላይ በተቀረጸው አንበሳ የፊት እግር ላይ ቀጭን ጭረት አለ።

ቀጥላ አሮጌ ብር የሚነግደውን ጥበቡን ጠየቀችው።

«የገዛኋትን ተሙን ቅዳሜ ለአቶ አገኘሁ አሳየኋቸው» አለ። «ፊታቸው ተለዋወጠና ደህና ዋል እንኳ ሳይሉኝ ሄዱ።»

«ከማን ገዛሃት?»

«አይ ኢንስፔክተር! ነጋዴ ምንጩን ይናገራል እንዴ?»

የእሱን ተሙን ተቀብላ አገላብጣ አየችና ወደ ሟች ጎረቤት፣ ወደ አንጥረኛው ዞረች።

«ጋሽ ቀለመወርቅ፣ የአቶ አገኘሁን ተሙን ነክተው ያውቃሉ?»

«እኔ? በዓይኔም አላየኋት! ያ ስስታም ለማን ያሳያል ብለሽ!»

የትናየት ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበች።

«ሀና ብትሰርቃት አትፈትጋትም፤ በዚህ ተቀጥታለች። ጥበቡም አይፈትጋትም፤ ከጸዳች ዋጋዋ እንደሚወድቅ ያውቃል። የሚፈትጋት ብር አቅልጦ በአምሳያዋ ሌላ የሚያፈስ ሰው ነው። እድፍ ካለባት ቅልጡ ብር በሚፈስበት አፈር ላይ ቅርጿ ጠርቶ አይወጣለትም።»

ሁለቱን ተሙኖች መዳፏ ላይ አስቀመጠች።

«የጥበቡም ተሙን አንበሳው ላይ ያው ጭረት፣ እዚያው እግሩ ላይ አለ። አንዷ ከሌላዋ ተቀድታለች ማለት ነው። ሟች ቅዳሜ ያዩት ይህንን ነው። እዚህ ብር የሚያቀልጥ ማን ነው? ጥበቡ፣ ከማን ገዛህ?»

ጥበቡ አንገቱን ደፋ። «ከጋሽ ቀለመወርቅ።»

አንጥረኛው ሁለቱን ተሙኖች አፍጥጦ አያቸው።

«ለጌጥ ሥራ ቅርጿን ላጥና ብዬ በስንት ልመና ተውሼያት ነበር። ልመልስለት ብሄድ፣ ስታበራ አይቶ ‹ሌባ፣ ገደልካት!› ብሎ አንገቴን አነቀኝ። ገፈተርኩት።»

«ከልጅቱ ፍራሽ ሥርስ? ማን ገፍትሮ አስገባት?»

ቀለመወርቅ እጁን ለካቴና ዘረጋ።

ፖሊሶቹ ሀናን ለቀቋት። በምታበራው ተሙን አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

«ሸፍኑልኝ» አለች። «አባቴ እንዲህ ሆና አይያት።»

አስከሬኑ ተነሣ። ሀና ደረቷን እየደቃች ተከተለች። የትናየትም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላዋ ሄደች፤ እሷም የምትቀብረው ነበራት።