ምስጥ የቀደመው ፊርማ

መምህር ቢሻው በገዛ መጽሐፍ መደርደሪያቸው ሥር ሞተው ተገኙ። ኢንስፔክተር ለተማርያም ከባምባሲ አሶሳ ስትደርስ «ገዳዩ ተይዟል» አሏት። የተያዘችው የቤቱ ሠራተኛ ዐዋጢፍ ናት። በካቴና ታስራ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። የአምስት ወር ልጇን ቤት ትታ ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል።

«ማስረጃው ምንድን ነው?»

«የቤቱ ቁልፍ እሷ ጋ ነው» አለ ፖሊሱ ቴዎ። «መደርደሪያውን ገፍታ ጣለችባቸው። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

«ድንቄም ምርመራ! መምህሩ በር የሚከፍቱበት እጅ አልነበራቸውም?»

«እኔ መምህር አልገደለም» አለች ዐዋጢፍ በተሰባበረ አማርኛ። «ጠዋት ገባሁ፣ ሞቷል።»

ለተማርያም ደሟ እንደፈላ ገባች። መምህሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ሥዕል ጥበብ የተጻፉ መጻሕፍትን የመጀመሪያ እትም፣ ያውም ደራሲው በእጁ መታሰቢያ የጻፈበትን ብቻ፣ ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው ናቸው። መጻሕፍቱ ወለሉን ሞልተውታል። ተንበርክካ አንድ በአንድ አየቻቸው። አንድም ገጽ አልታጠፈም።

«እነዚህን መጻሕፍት እንዲያው ጠላኋቸው፤ ምስጥ ከኔ ይሻላል፣ እሱስ ይበላቸዋል!» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙወርቅ። «እኔ ትናንት እህቴ ቤት ነበርኩ። ገዳይዋ ይቺ ናት ብዬ ለመንደሩ ሁሉ ጮኼያለሁ።»

የሥዕል መምህሩ ምንይችል፣ እሱም መጽሐፍ ሰብሳቢ፣ በመጻሕፍቱ መሃል ላለመርገጥ እየተጠነቀቀ መጣ። «ካየኋቸው ሦስት ቀኔ ነው። ይህን ብርቅ መጽሐፍ ያመጣሁላቸው ዕለት። በታተመ በሳምንቱ ደራሲው የፈረሙበት ነው። እኔ ማምጣቴን ከተማው ሁሉ ሰምቷል።»

ለተማርያም መጽሐፉን ገልጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ዐዋጢፍን አስገብታ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መደርደሪያ ተገፍቶ ሲወድቅ መጽሐፍ ይገነጠላል፣ ይታጠፋል። እነዚህን ግን ሰው አንድ በአንድ አውርዶ ነው ያስተኛቸው። ዐዋጢፍ ሰው ገድላ እየተንቀጠቀጠች ለመጽሐፍ ትጠነቀቃለች? እርስዎስ ወይዘሮ ብዙወርቅ? ይረግጧቸው ነበር። ሰውዬውን ፈንክቶ፣ ባዶ መደርደሪያ ሬሳው ላይ አጋድሞ፣ መጽሐፍ መወርወር ግን አንጀቱ እንቢ ያለው ሰብሳቢ ነው።»

«ይሄም ማስረጃ ሆኖ ነው?» አለ ምንይችል።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም! ይህን ገጽ ምስጥ በስቶታል። የመታሰቢያው ጽሑፍ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ዘሎት ይቀጥላል። ደራሲው በአዲሱ መጽሐፍ ላይ ጽፈውት ቢሆን ኖሮ ምስጡ ፊደሉንም ይበላው ነበር። አንድም ፊደል አልተነካም። ስለዚህ ምስጡ ቀደመ፣ አንተ ተከተልክ። መታሰቢያውን የጻፍከው አንተ ነህ፤ መምህሩ ደረሱብህ። መጽሐፉን ወስደህ ብታጠፋው ደግሞ ያመጣኸው አንተ መሆንህ ይታወሳል። ማን ልብ ይለዋል ብለህ ተውከው።»

ምንይችል ድምፁን ከፍ አደረገ። «አዲስ አበባ ላሉት ሰብሳቢዎች ሁሉ ደውዬ አዋርድሃለሁ አሉኝ! ስሜ ይጥፋ?»

«ለስምህ ብለህ ሰው ገደልክ! ይቺን እናት ደግሞ ልታስበላት ዝም ብለህ ቆመህ ታያለህ!» ጮኸችበት። ካቴናውን ከዐዋጢፍ እጅ ፈትታ ምንይችልን አሰረችበት።

«ዐዋጢፍዬ፣ በሞቴ ይቅር በይኝ» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ።

ዐዋጢፍ የእጇን አንጓ እያሻሸች ወደ በሩ ሄደች።

«ገዳይ ስትለኝ መንደር ሙሉ ሰማ። ይቅርታ ጓዳ ውስጥ አይሆንም። ውጣ፣ እዚያ በል!»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ተከትለዋት ወጡ።