ሳቂታ ስትቀረጽ

«ከንፈሯ ላይ ነኝ፤ ማንም እንዳያስቃት» አለ የቡቡ አባት፣ ጭቃውን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ።

ሳቂታ ወንበሩ ላይ ድርቅ ብላለች። ክፍል ውስጥ ዝንብ ባለፈ ቁጥር የምትስቅ ልጅ፣ ዛሬ ቅንድቧን ካነቃነቅሁ ሞቼ እገኛለሁ ያለች ትመስላለች። ቡቡ ጓደኛዋ እንዲህ መታገሥ መቻሏ ገረማት።

አባቷ ቀራፂ ነው። ይህች ከተማ ለጥቂት ወራት ቤትና የመሥሪያ ክፍል ሰጥታው የነዋሪዎቿን ፊት በጭቃ እየሠራ ነው። የሳቂታ ፊት የመጨረሻው ነው፤ እሱ ሲያልቅ ጓዝ ይጠቀለላል። ይህን ግን ከክፍሏ ልጆች የሚያውቅ የለም። ገና በገባች ቀን ሳቂታ «ጠቅልላችሁ ነው የመጣችሁት?» ስትላት፣ ቡቡ «አዎ» ብላ ቁጭ አለች። ነገ ከነገ ወዲያ የምትሄድን ልጅ ማን ጓደኛ ያደርጋል?

ውሸቱ መጀመሪያ ላይ ማንንም የሚጎዳ አልመሰላትም ነበር። አሁን ግን ሳቂታ የቆየች ጓደኛዋን ትታ፣ ለዓመቱ መዝጊያ የሁለት ሰው ድራማ እሷን መርጣለች። መምህራቸው ነገ ስም ይመዘግባሉ። ድራማው በሚታይበት ቀን ደግሞ ቡቡ እዚህ የለችም።

አሁን ንገሪያት፣ አለች ለራሷ። ሳቂታ አሁን መልስ መስጠት አትችልም። መቆጣትም፣ ተነሥቶ መውጣትም የለም። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል?

ቀና ስትል ሳቂታ በዓይኗ ጠቀሰቻት። ቡቡ አፈረች። አፉ የተያዘን ሰው እንዲህ ያለ ነገር መንገር እጁ የታሰረን እንደ መምታት ነው።

«አባዬ፣ ብዙ ይቀርሃል?»

«ምን አስቸኮለሽ? ጆሮ ቢሆን ፀጉር ይሸፍንልኝ ነበር፤ ከንፈር ጥድፊያ አይወድም።»

ጠበቀች። አባቷ በመጨረሻ ጭቃው እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ አለበሰውና እጁን ሊታጠብ ወጣ።

«ኧረ ፊቴ ደነዘዘ» አለች ሳቂታ መንጋጋዋን እያሻሸች። «ስንት ሳቅ እንደዋጥኩ ብታዪ። ነገ እንመዘገብና ድራማውን እንቀውጠዋለን፣ አይደል?»

ቡቡ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«የምነግርሽ ነገር አለ» አለቻት። «ስጨርስ አፍሽ ላይ የመጣውን ሁሉ በይኝ፤ ስድብም ቢሆን።»