ሃያ አራተኛው ስም

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ወር መባቻ፣ የፔናንግ ደሴት በጃፓን ንጉሠ ነገሥት ጦር እጅ በወደቀች በአራተኛው ወር፣ የጆርጅ ታውን ወንዶች ከየሰፈራቸው እየተነዱ በአንድ የፖሊስ ጣቢያ ግቢ ፀሐይ ላይ ተኮለኮሉ፤ የቻይናው ነጋዴ፣ የታሚሉ የወደብ ሠራተኛና የማላዩ ሾፌር ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው ሳለ፣ ፊቱን በጆንያ የሸፈነ አንድ ሰው በፊታቸው እየተራመደ ያልፍ ነበር። ሰውየው ቃል አይተነፍስም፤ አንገቱን ዝቅ ያደረገበት ሁሉ ግን ወደ ካሚዮኑ ይጫናል።

ኞኛ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ጓት ኪም ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ከጣቢያው ማዶ፣ ከገበያው ጥግ ላክሳ ትሸጣለች፤ በሮቃ በኮመጠጠ የዓሣ መረቅ ላይ የሩዝ ፓስታ፣ አናናስና ናና የሚጨመርበትን ምግብ በደሴቲቱ እንደ እርሷ የሚያሰናዳ የለም ይባል ነበር። ባሏ ቴይክ ሁን የትምህርት ቤት መምህር ሲሆን፣ በቻይና በጦርነት ለተፈናቀሉ ወገኖች እርዳታ ሲያሰባስብ ከርሟል፤ እነሆ እርሱም በሰልፉ ውስጥ ቆሟል።

እኩለ ቀን ላይ አንድ መቶ አለቃ ዐሥር ሳህን እንድታመጣ አዘዛት። ዘጠኙ ተልሰው ተመለሱ፤ ዐሥረኛው ጆንያ ለባሹ ከመጋረጃ ጀርባ የበላበት ነበር። ናናውን ሙልጭ አድርጎ በልቶ፣ ሦስት የቅጠሉን ዘንጎች ቋጥሮ በሳህኑ ጠርዝ ደርድሯቸዋል። ጓት ኪም ቋጠሮዎቹን በመዳፏ ይዛ እያየች ሳለ ካሚዮኑ ተነሣ፤ ቴይክ ሁን ከላይ ሆኖ መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ አጠለቀና አያት። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ሦስት ዓመት ከአራት ወር ላክሳዋን በትከሻዋ ተሸክማ ዞረች፤ በወርቅ አንጣሪዎች መንገድ፣ በታሚሎቹ የቅመም መጋዘኖች ደጃፍ፣ በአቼ መስጊድ ዙሪያ፣ በበርማዎቹ መንደር ሁሉ ሸጠች፤ የምትሸጠው ግን የምትፈልገውን ለማግኘት ነበር። የተመለሰላትን ሳህን ሁሉ ሳታይ አታጥብም። «ሰው ፊቱን ይሸፍናል፤ አበላሉን ግን አይሸፍንም» ትላለች። ያም ጊዜ ራብ የበረታበት ነበር፤ ሕዝቡ በካሳቫ ሲኖር፣ የቻይናዎቹ ቤተ መቅደስ ሽማግሌ ባባ ኬንግ ሲው ለተወሰዱት ወንዶች ሚስቶችና እናቶች በየወሩ አንዳንድ ጣሳ ሩዝ ይልኩ ነበር፤ ጓት ኪምም ሩዙን በልታ መርቃቸዋለች።

በ1945 ዓ.ም. ነሐሴ ጃፓን እጅ መስጠቷ ሲሰማ፣ ባባ ኬንግ ሲው የምስጋና ግብር አበሉ፤ ላክሳውንም እርሷ እንድትሠራ ለመኗት። እንግዶቹም ሽማግሌውን የሙታን መታሰቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መርጠዋቸው ተበተኑ። ጓት ኪም ማዕዱን ልታነሣ ስትገባ፣ በሽማግሌው ሳህን ጠርዝ ላይ ሦስት የተቋጠሩ የናና ዘንጎች ተደርድረው አየች።

በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ ሦስት ዓመት የበላችው የጆንያ ለባሹን ሩዝ ነበር፤ ሳህኑን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ኞኛ፣ ምነው? አመመሽ እንዴ?» አሏት ሽማግሌው።

«ባባ፣ ያን ዕለት ከመጋረጃው ኋላ ላክሳዬ ጣፈጠዎት?»

ሽማግሌው ዘንጎቹን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እርሷም አክብሮቱን ከአፏ ጣለችው።

«ተናገር እንጂ! ዛሬ ጆንያ የለብህም።»

«አንድ ልጄን ይዘውት ነበር» አለ ኬንግ ሲው ድምፁ ተሰብሮ።

«ልጅህን መለሱልህ?»

«አልመለሱልኝም።»

«የኔንም ባል አልመለሱልኝም። የት ነው የቀበራችኋቸው?»

አላውቅም ብሎ ማለ። ጃፓኖችን በጫካ ሲወጉ የኖሩት ታጣቂዎች ከተራራ መውረድ ጀምረው ነበር፤ ለጃፓን ያደረ የተባለውን ሁሉ ያለ ዳኛ ይወስዱ ነበር፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። እርሷም «ከዚህ ደጅ ከወጣህ ስምህን ለተራራ ሰዎቹ እነግራለሁ። ከገበያም አንዲት ፍሬ አይገባልህም። የሚያበላህ እኛ ነን» ብላው ወጣች።

በዚያ ካሚዮን ወንዶቻቸው የተወሰዱባቸው ሴቶች ከእርሷ ጋር ሃያ ሦስት ነበሩ። ነገሩን ስትነግራቸው አንዲቱ በምግቡ መርዝ ይግባበት አለች፤ ጓት ኪም ግን «መርዝ ቶሎ ይጨርሳል» ብላ ከለከለቻት። ከማግስቱ ጀምሮ በየቀኑ አንዲት ሴት ሟቿ ይወደው የነበረውን ምግብ ሠርታ ይዛ ትገባለች፤ ከፊቱ ተቀምጣም የሟቿን ስም እያስጠራች ታበላዋለች።

የወደብ ጸሐፊው የሙትቱ ሚስት ሴላማ፣ በቀጭን የሩዝ ቂጣ ፋንታ የካሳቫ ቂጣ ጋግራ ከምስር ወጥ ጋር አቀረበችለት። «ብላ እንጂ፣ ጌታዬ! የኔው ሙትቱ ስድስት ነበር የሚያነሣው፤ አንተ ምን ያሽኮረምምሃል? የማን ነው ይኼ ማዕድ?»

«የሙትቱ።»

«ድምፅህን ከፍ አድርገው፤ እሱ ጆሮው ትንሽ ይከብደው ነበር።»

የሾፌሩ የጃሊል እናት ማክ ሚናህ ደግሞ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ በሚያቃጥል ድልህ አመጣች። ዕንባው ሲወርድ አየችና «ልጄ ቃሪያ ሲበዛበት ይስቅ ነበር። አታልቅስ፤ ሳቅ!» አለችው። ሳቀ። እርሷ ግን ከደጅ ወጥታ ከግንቡ ሥር ተደፍታ አለቀሰች።

ኬንግ ሲው ምግብ ሲሸተው ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞር ጀመረ። በሃያ ሦስተኛው ቀን ጓት ኪም ራሷ መጣች፤ ይዛ የመጣችውም የሩዝ ገንፎና ጨው የገባ የዳክዬ እንቁላል ብቻ ነበር።

«መምህር ነበር፤ ይኼን ነበር የሚወደው። ብላ።»

አንድ ማንኪያ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ከጎማው እርሻ ጀርባ፣ የተተወው የድንጋይ ማውጫ ውስጥ ናቸው» አለ። «በካሚዮኑ ወስደውኝ ቆሜ አይቻለሁ። ስሜን አትጥሪው፤ እለምንሻለሁ።»

«ካፌ አይወጣም» አለችው። ገንፎውን ግን እስኪጨርስ ድረስ አልተነሣችም።

ሴቶቹ ቆፍረው አገኟቸው፤ እንጨት ለቃሚዎች ጠቆሙን ብለውም አወሩ። ጓት ኪም ከአፈሩ ውስጥ መነጽሩን አነሣች። የራስ ቅሎቹ ሲቆጠሩ ግን ሃያ ሦስት አልነበሩም፤ አንድ ይበልጣሉ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አጥንቱ በቤተ መቅደሱ አደባባይ ተሰበሰበ፤ መነኮሳቱም፣ ኢማሙም፣ የሂንዱው ካህንም በየፊናቸው ጸለዩ። ከሕዝቡ መካከል ጠመንጃ ያነገቱ የተራራ ሰዎች ቆመው ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ነውና ኬንግ ሲው ከደረጃው ላይ ወጥቶ ያለ ወረቀት ሃያ ሦስቱን ስም በየተራ ጠራ፤ ሕዝቡም በትውስታው ተደነቀ። ጨርሶ ሊወርድ ሲል ጓት ኪም እጅ ነሥታ ቆመች።

«ባባ፣ ይቅርታዎን፤ አጥንቱ የሃያ አራት ሰው ነው። ዘመድ ያልፈለገው አንዱ ማነው?»

ሽማግሌው ጠመንጃዎቹን አየ፤ ወደ ሴቶቹም አየ። አላውቅም ቢል ድኖ ይወርድ ነበር።

«ሎው አህ ሶይ ይባላል» አለ። «ሪክሾ ጎታች ነበር። ቁጥሩ ሃያ አራት ይሙላ አሉኝ፤ እርሱ በበሩ ሲያልፍ አየሁትና አንገቴን ዝቅ አደረግሁ።»

ታጣቂዎቹ ሕዝቡን እየከፈሉ ወደ ደረጃው ሲመጡ፣ ኬንግ ሲው ጓት ኪምን «ቃል ሰጥተሽኝ ነበር» አላት።

«ጠብቄዋለሁ። ስምህን የጠራኸው አንተ ነህ።»

ከዚያች ቀን በኋላ ያየው የለም። የተመለሱት የእንግሊዞች አስተዳደር መዝገብ አንድ ባለጠጋ ነጋዴ ባልታወቁ ሰዎች ተወሰደ ብሎ አለፈው፤ በቤተ መቅደሱ የለጋሾች ሰሌዳ ላይ ስሙ እስከ ዛሬ በወርቅ ቀለም ተጽፎ ይታያል፤ የሃያ ሦስቱ ሴቶች ስም ግን በየትም አልተጻፈም። ጓት ኪም ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ኖረች። ቂምሽ በረደልሽ ወይ ብለው ሲጠይቋት «ወጣልኝ እንጂ አልበረደልኝም፤ የወጣበት ቦታ ባዶ ነው» ትል ነበር።

በመታሰቢያው ድንጋይ ላይ ሃያ አራት ስም ተቀርጿል። በያመቱ ሴቶቹ ለየሟቻቸው የሚወደውን ሠርተው ከድንጋዩ ሥር ያኖሩ ነበር፤ ለሎው አህ ሶይ ግን በየዓመቱ የተለያየ ነገር አኖሩለት፤ ምን መብላት ይወድ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አልተገኘምና።