ሳጥኑ ወደ ፍሎሪዳ ሳይሄድ

በፈረንጆች 1995 ነው። መሐንዲሱ ጥዑመልሳን ፕሌኖ ከተማ በሚገኝ የጠፈር መሣሪያ ድርጅት፣ ናይትሮጅን ጋዝ በሚለቀቅበት ክፍል ውስጥ ሞቶ የተገኘው፣ በጠፈር መንኮራኩር የሚጫነው የሙከራ ሳጥን ወደ ማስወንጨፊያው ወደ ፍሎሪዳ ሊላክ በነበረበት ጠዋት ነው። ነጩን የሥራ ልብስ ከራስ እስከ እግሩ ለብሷል። ክፍሉን የሞላው ጋዝ አየር አሳጥቶታል።

ማታ ጋዙን ዘግቶ ወደ ቤቱ የሄደው የሥራ ባልደረባውና ጓደኛው ፊልሞን ነበር። ዘግቶታል ግን? እሱም እንጃ! አንዴ እጁ ሲዘጋ ይታየዋል፣ አንዴ ደግሞ ምንም ትዝ አይለውም። የሟች ሚስት ሶልያና ደውላ «ፊልሞን፣ ባሌን ምን አደረግከው?» ስትለው ስልኩን ዘጋ። ጓደኛዬን በእጄ ገደልኩት እያለ ራሱን ይከሳል።

የካውንቲው መርማሪ ሮማነወርቅ የክፍሉ ቁልፍ ያላቸውን ሦስት ሰዎች ለየብቻ አነጋገረች። ሴትዮዋ ችኩል አይደለችም፤ ዓይኗ ግን ምንም አያመልጠውም።

የድርጅቱ ባለቤት ከፍያለው ቶሎ ብሎ «ሶ፣ አክሲደንት ነው» አላት። «ፊልሞን ጋዙን ሳይዘጋ ሄደ፣ ልጁ ሊሠራ ገባ። ሳጥኑ ዛሬ መሄድ አለበት። መንኮራኩሩ ሳተላይት የሚለቅበት ቀን ተቆርጧል፤ እኛን አይጠብቅም።»

ሙከራውን የምትመራው ሰብለወርቅ ግን አቀረቀረች። «ጥዑመልሳን ሳጥኑ መርዝ ያፈሳል ይል ነበር። ሰባት ሰው ያለበት መንኮራኩር ላይ አይጫንም፣ ፍሎሪዳ ኮል አደርጋለሁ ብሎ ነበር።»

ሮማነወርቅ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባች። መደርደሪያው ላይ የተፈታ ጥቁር ማተብ አለ። ከፍያለው ግድግዳው ላይ የለጠፈው ደንብ ክር ይዞ ወደ ክፍሉ መግባትን ይከለክላል።

«የማን ነው?»

«የሱ» አለ ፊልሞን፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ግን፣ ማለቴ፣ አንገቱ ቢቆረጥ አያወልቀውም። ሁልጊዜ እኔ ነኝ በቴፕ የምሸፍንለት።»

ያን ጊዜ ሦስቱን ሰበሰበቻቸው።

«ጥዑመልሳን ልብሱን ራሱ አልለበሰም» አለች። «ለሥራ የገባ እንዲመስል ከሞተ በኋላ ነው ያለበሱት። ያለበሰው ሰው ደንቡን አክብሮ ክሩን ፈታ። ደንቡን ያውቃል፣ ሟቹን ግን አያውቀውም። ፊልሞን ቢሆን ቴፕ ይለጥፍ ነበር። ሰብለወርቅ፣ አንቺስ ስለ ቴፑ ታውቂ ነበር?»

«የፈቀድኩለት እኔ ነኝ። ከአቶ ከፍያለው ደብቀን ነበር።»

«እንግዲህ አቶ ከፍያለው፣ ስለ ቴፑ ያልሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ከፍያለው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ላብ አጥምቆታል። «ሳጥኑ ከቀረ ድርጅቴ አለቀለት። ማፍሰሱን ላሳይዎ ብሎ ቀድሞኝ ሲገባ ከኋላው በሩን ቆለፍኩበት፤ ጋዙንም ከፈትኩት።»

ፊልሞን ቀና አለ። ስለዚህ ዘግቶት ነበር ማለት ነው።

«ጥዑመልሳን ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ከፍያለው ዓይኑን አሸሸ። «‹ፊልሞን፣ ክፈትልኝ› እያለ በሩን ይደበድብ ነበር። የቆለፍኩት እኔ መሆኔን አላየም፤ አንተም ቤትህ መሄድህን ስላላወቀ የቆለፍከው አንተ መስለኸው ነበር። እኔም አልነገርኩትም።»

ፊልሞን ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሰብለወርቅ አጠገቡ ተንበርክካ አንተ የለህበትም፣ ነጻ ነህ እያለች ደጋግማ ብትነግረውም አልሰማትም።