የሦስት ሰዓቷ ጀልባ

ፓስፖርቶቹ አሉ። ብሩም አለ። ደብተሩ የለም።

ሁዳ መሳቢያውን ዘጋችው። ከፈተችው። መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ዕቃ የሚወልድ ይመስል ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። አልወለደም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ የእንጨት ደረጃው በረገጡት ቁጥር የሚያቃስት አንድ አሮጌ ፎቅ አለ። ሁለተኛው ወለል ላይ ያለው «ሞገድ የጉዞ ወኪል» ይባላል። ሁዳ እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ ስታነሳና ለሌላው ሰው ቲኬት ስትቆርጥ ኖራለች። እሷ ራሷ ከአዳማ ወዲያ ሄዳ አታውቅም።

ዛሬ ግን ቀኗ ነበር። አራት ሰዓት ላይ አሥራ አራት ሰዎች ይመጣሉ። ድሮ የአንድ ግቢ ጎረቤቶች ነበሩ። ሰፈራቸው ሲፈርስ አንዱ አያት፣ አንዱ ገላን፣ አንዱ ኮዬ ኮንዶሚኒየም ደረሰውና ተበታተኑ። ለቅሶ ላይ ብቻ መገናኘት ሲሰለቻቸው «ሳንሞት አንድ ላይ ባህር እንይ» ተባባሉ። ዛንዚባርን መረጡ።

ችግሩ አሥራ አራቱም አሥራ አራት ዓይነት ናቸው። እማማ አልጋነሽ የሰኔን ጾም ይጾማሉ፤ ጉልበታቸውም ደረጃ አይወድም። ወርቅ ሠሪው ጋሽ ኢስማኤል ውሃ ይፈራሉ፤ ከባልዲ የበለጠ ውሃ ሁሉ ጠላታቸው ነው። ቅመም ነጋዴዋ አዳነች ገበያ ካላየች ያማታል። ሁለቱ አዲስ ሙሽሮች ደግሞ የሚፈልጉት ከቀሩት አሥራ ሁለቱ መራቅ ነው።

ሁዳ ሁሉንም በየቤታቸው እየሄደች ጠየቀች። ሞምባሳ ስምንት ዓመት ከነገደችው ከአክስቷ ከአስማ የለቀመችውን ስዋሂሊ ይዛ ወደ ደሴቲቱ ደወለች፤ ጀልበኛ አስቸገረች፣ ወጥ ቤት አስቸገረች። ለሁሉም እንደየጠባዩ አምስት ቀን ሠራችለት። ያ ሁሉ ሰማያዊው ደብተር ላይ ነው።

የቢሮው ባለቤት አቶ ቃለጽድቅ ቃል ሰጥተዋት ነበር። «ከወደዱት ቡድን መሪያቸው ሆነሽ አብረሽ ትሄጃለሽ። ካልወደዱት ላይ ቤት ያለው ተፎካካሪያችን ገነነ ይወስዳቸዋል፤ አንቺም ወደ ስልክሽ።»

ስልኩን አነሳችና ፖሊስ ጣቢያ ደወለች።

ጣቢያው ውስጥ ተሳቀ። «ደብተሩ የሒሳብ ነው የኅብረተሰብ?» አላት አንዱ።

ሳጅን ምኞት ግን አልሳቀችም። መጣች። አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፤ ዓይኗ ከእግሯ ቀድሞ ነው ክፍል ውስጥ የሚገባው።

«አሥራ አራት ፓስፖርትና ብር ትቶ ደብተር የወሰደ ሌባ» አለች መሳቢያውን እያየች፣ «ማንበብ የሚችል ሌባ ነው። እንደዚህ ዓይነቱን እወደዋለሁ። ወሬ ያበዛል። ቁልፉ አልተሰበረም?»

«አልተሰበረም፣ ሳጅን።»

«ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?»

«አንዱ እኔ አንገት ላይ። አንዱ አቶ ቃለጽድቅ ጋ። አንዱ ደግሞ ቀን መቁጠሪያው ጀርባ ተሰቅሏል።»

«እዚያ መሰቀሉን ማን ያውቃል?»

ሁዳ አፈረች። «ፒያሳ ሙሉ።»

ሳጅን ምኞት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በይ ደብተሩ ላይ ያለውን በቃልሽ ንገሪኝ።»

ሁዳ ዓይኗን ጨፈነች። «ማክሰኞ እማማ አልጋነሽ ምድር ቤት ያለው ክፍል። የጾም ምግባቸው በኮኮናት የተሠራ ቦሎቄ፤ አብሳይዋን አነጋግሬያታለሁ። ረቡዕ አዳነች የቅርንፉድ እርሻው ጋ፣ ከዚያ ገበያ። ሙሽሮቹ ጫፍ ላይ ያለችው ጎጆ። ሐሙስ ሁሉም አንድ ላይ፣ ጀልባ በሦስት ሰዓት። ባህሩ መሃል የአሸዋ ጉብታ አለ። ውሃው ሲሸሽ ብቅ ይላል፣ ሲመለስ ይሰምጣል። እሱን የመረጥኩት ውሃ ለሚፈሩት ለጋሽ ኢስማኤል ብዬ ነው።»

«ውሃ ይፈራሉ አላልሽም?»

«መሬት ላይ ቆመው እንዲያዩት ነዋ። አጥር የሌለው ባህር፣ እግራቸው ደግሞ ደረቅ።»

ሳጅን ምኞት ብዕሯን አቆመች። ልጅቷን ትንሽ አየቻት። ከዚያ ጻፈች።

የፎቁ ዘበኛ ተክላይ ወሬ ይዞ መጣ። «ገነነን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አይቼዋለሁ። ትልቅ ሻንጣ አቅፎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በደረጃው እንደ ድመት ሲወጣ!»

ሳጅኗ ሽቅብ ወጣች። ሁዳ ተከተለቻት። ገነነ በሩን የከፈተው በጭላንጭል ነው።

«ሻንጣውን ክፈተው።»

«የግል ጉዳይ ነው፣ ሳጅን።»

«የሰው ደብተርም የግል ነው። ክፈት!»

ከፈተ። ብርድ ልብስ። ትራስ። የጥርስ ብሩሽ። ነብር የተሳለበት ፒጃማ።

«ባለቤቴ አባራኛለች» አለ ገነነ መሬት መሬት እያየ። «ቢሮ ነው የማድረው። ስድስት ቀኔ ነው፤ ብርድ ልብሴን ዛሬ ነው ያመጣሁት። ለተክላይ እንዳትነግሩት፤ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ነው የሚያወራው።»

«ደብተሩን አላየህም?»

«እኔ ምን ያደርግልኛል? የኔ ዕቅድ እኮ ግልጽ ነው፤ ሁሉም አሸዋ ላይ ይተኛሉ፣ አምስተኛው ቀን ይነሳሉ።»

ሁዳ ሳትፈልግ ሳቀች። እንደዚህ ያለ ሰው ዕቅድ አይሰርቅም። ቢሰርቅ ይሻለው ነበር።

ሲወርዱ ራጉኤል ሁለት ማኪያቶ ይዞ ቢሮ ውስጥ ቆሟል። ራጉኤል ማለት የቢሮው ብልጭልጭ ነው። የፀሐይ መነጽሩን ክረምትም አያወልቅም። ባለፈው ዓመት ቢሮው ደሴቲቱን እንዲያጠና ልኮት ነበር። ከዚያ ወዲህ አፉ የሚከፈተው «እኔ ዛንዚባር እያለሁ» በሚል ብቻ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ዛንዚባር፣ ታክሲ ሲጠፋ ዛንዚባር።

«አይዞሽ ሁዲዬ፣ ሰማሁ» አለ። «እኔ ዛንዚባር እያለሁ ፓስፖርቴ ሊሰረቅ ነበር። እንኪ ጠጪ።»

ሳጅን ምኞት የጻፈችውን ወረቀት አነሳች። «የልጅቷን ቃል ኮፒ ላድርገው።»

«ተበላሽቷል፣ ሳጅንዬ» አለ ራጉኤል ፈጠን ብሎ፣ የኮፒ ማሽኑን ደገፍ እያለ። «ሠሪው ይመጣል። እኔ ታች አስደርጌልሽ ልምጣ።»

«ተወው። ሰው ማስቸገር አልወድም።»

አራት ሰዓት ሆነ። ደረጃው አሥራ አራት ጊዜ አቃሰተ። እማማ አልጋነሽ በአዳነች ክንድ ተደግፈው፣ ጋሽ ኢስማኤል ባርኔጣቸውን ይዘው፣ ሙሽሮቹ ተያይዘው፣ ሁሉም ገቡ። አቶ ቃለጽድቅም ከረቫታቸውን እያጠበቁ መጡ። ሁዳ ወንበሮቹን ደረደረች። በቃሌ እነግራቸዋለሁ፣ አለች በልቧ። ቢያንስ እማማ የሚበሉትን አልረሳም።

አፏን ሳትከፍት ራጉኤል ተነሳ። የተተየበ፣ የተጠረዘ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ለሁሉም አደለ። ላዩ ላይ የዘንባባ ዛፍ። ከዛፉ ሥር የራጉኤል ስም።

«ውድ እንግዶቻችን፣ ለእያንዳንዳችሁ እንደየፍላጎታችሁ ያዘጋጀሁት ነው። እማማ፣ ለእርስዎ ምድር ቤት ያለ ክፍል፤ በኮኮናት የተሠራ ቦሎቄ...»

«የኔ ነው!» ሁዳ ጮኸች። «ቃል በቃል የኔ ነው!»

ራጉኤል እንደ ታላቅ ወንድም ፈገግ አለ። «ሁዲዬ፣ ጠይቀሽ እንድትመጪ የላክሁሽ እኔ አይደለሁም? ጽፈሻል፣ እሺ። ያስጻፈሽ ማን ነው?»

«እኛ ጋ የመጣችው እሷ ናት» አሉ እማማ አልጋነሽ።

«እኔ ልኬያት ነው፣ እማማ።»

አቶ ቃለጽድቅ ወደ ሁዳ ዞሩ። ማዘናቸው ፊታቸው ላይ ይታያል፤ ማዘን ግን ማመን አይደለም። «ሁዳ፣ እሱ እኮ ሄዷል። ባህሩን አይቷል። አንቺ አላየሽም። ማንን ልመን?»

ሁዳ ወረቀቱ ላይ ያለውን ዘንባባ አየች። እንባዋ መጣ። መልሳ ዋጠችው።

ሳጅን ምኞት ጥግ ላይ ተቀምጣ የተጠረዘውን ታነባለች። ጣቷ መስመር በመስመር ወረደ። ሐሙስ ላይ ቆመ።

«ራጉኤል» አለች ሳትነሳ። «የሐሙሷ ጀልባ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«ሁለት ጊዜ!»

«ጉብታውን ረግጠሃል?»

«ተኝቼበታለሁ!»

«ስንት ሰዓት ላይ ተነሳችሁ?»

«ተጽፏል እኮ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።»

«ሁዳ ጠዋት የነገረችኝ ግን ሦስት ሰዓት ነው።»

ራጉኤል ሳቀ። ወደ ጎረቤቶቹ ዞሮ ነው የሳቀው። «ይኸውላችሁ! አገር አለማየት ይኼ ነው። የውጭ አገር ሦስት ሰዓት በኛ ዘጠኝ ነዋ! ስድስት ትጨምርበታለህ። እሷ እንዳለ ገለበጠችው። እኔ ባላስተካክልላት ኖሮ...»

ቆመ።

«ባታስተካክልላት?» አለች ሳጅን ምኞት። «የማንን ነበር ያስተካከልከው?»

«ማለቴ... የራሴን።»

 ያኔ ሁዳ ቀስ ብላ ስልኳን አወጣች። 

«አቶ ቃለጽድቅ፣ እዚያ ደሴት ላይ ሰዉ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል። የነሱ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ የኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ምንም አይጨመርበትም።»

«ውሸት ነው!» አለ ራጉኤል። ድምፁ ግን ቀጥኗል።

ሁዳ ደወለችና ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው። ጀልበኛው ካፒቴን ጁማ አነሳ። ከኋላው ሞገድ ይሰማል። ጋሽ ኢስማኤል ሞገዱን ሲሰሙ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

በስዋሂሊ ጠየቀችው። «ሳ ታቱ!» አለ ጁማ። «ሳ ታቱ አሱቡሂ!»

«ሦስት ሰዓት፣ ጠዋት» አለች ሁዳ። ሌላም ጠየቀችው። ሰውየው ረጅም ሳቅ ሳቀ። «በዘጠኝ ብንመጣስ አልኩት። በዚያ ሳምንት በዘጠኝ ሰዓት ጉብታው የዓሣ ነው አለኝ።»

ጋሽ ኢስማኤል ተነሱ። ጣታቸውን ራጉኤል ላይ ቀሰሩ። «አንተ! እኔን ለዓሣ ልታወርሰኝ ነበር?»

ሳጅን ምኞት ማሽኑ ጋ ደርሳለች። «አቶ ቃለጽድቅ፣ ይኼ ማሽን መቼ ነው የተበላሸው?»

«ተበላሸ? ትናንት ማታ ቤት ልሄድ ስል ሠርቼበታለሁ።»

የወረቀት ማስቀመጫውን ሳበችው። ከነጩ ወረቀት ላይ፣ እንደ ሕፃን ተጋድሞ፣ ሰማያዊው ደብተር ተኝቷል።

ራጉኤል ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ትንሽ ነው።

«ትናንት ወስጄው ቤቴ ተየብኩት» አለ። «ዛሬ በጠዋት ላትመው መጣሁ። ከዚያ ደብተሩን ድልድዩ ሥር ወንዝ ልጨምረው ነበር። የሁዳን ኮቴ ደረጃው ላይ ስሰማ እዚያ ከተትኩትና መታጠቢያ ቤት ተደበቅሁ። ስልክ ስታወራ ወጣሁ።»

«ለምን?» አሉ አቶ ቃለጽድቅ። «ደሴቲቱን ያጠናኸው አንተ! የራስህን ለምን አልጻፍክም?»

ራጉኤል መነጽሩን አጠፈ፣ ዘረጋ። ሳጅን ምኞት ጠበቀችው። መጠበቅ ታውቅበታለች።

«ምንም አላየሁም» አለ በመጨረሻ። «በመጀመሪያው ቀን የበላሁት ነገር ሆዴን ያዘኝ። አራት ቀን ሙሉ ያየሁት የሆቴሉን ሽንት ቤት ነው። ፎቶዎቹን ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት። ዓመት ሙሉ አወራሁ። የሷ ዕቅድ ሲቀርብ እርስዎ ይጠይቁኛል፦ ይህን ሁሉ ያቺ የስልክ ልጅ ስታውቀው፣ ሄደህ የመጣኸው አንተ እንዴት አልነገርከንም? ይላሉ። ፈራሁ።»

ከበሩ በኩል ሳቅ ተሰማ። ገነነ ነው፤ ሊሰልል ወርዶ ኖሯል። «እኔ ዛንዚባር እያለሁ!» አለ። አሥራ አራቱም ፈረሱ በሳቅ። እማማ አልጋነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነው የሳቁት፤ ጾም ነዋ።

ሳጅን ምኞት ራጉኤልን በክንዱ ያዘችው። ጣቢያው ድረስ በእግር ይወርዳሉ። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ ሁዳ ዞር አለች። «እዚያ ጣቢያ ውስጥ የሳቁብሽን ሰዎች ስም ጽፌያለሁ» አለች። «ዛሬ ምሳ እነሱ ናቸው የሚጋብዙኝ።»

ደረጃውን ወረዱት። እማማ አልጋነሽ ሁዳን በእጃቸው ጠሯት።

«ልጄ፣ ቦሎቄው ያንቺ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«እንግዲያው ምሪን። ሌላ ሰው አንፈልግም።»

ማንም አልተከራከረም። አቶ ቃለጽድቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው የሁዳን ስም የመንገደኞቹ ዝርዝር አናት ላይ በራሳቸው እጅ ጻፉ።

ሐሙስ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

ጀልባዋ ተነሳች። ጋሽ ኢስማኤል እስከ ጉብታው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሁዳን እጅ እንደ ወርቅ ጨብጠው ሄዱ። ጀልባዋ አሸዋ ነካች። ውሃው ሸሽቶ ነጭ መሬት በባህሩ መሃል ወጥቷል። ጋሽ ኢስማኤል አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። አንድ እግራቸውን አወረዱ። ረገጡት። ሌላውንም አወረዱ። ዞር ዞር ብለው አዩ፤ በአራቱም ማዕዘን ባህር ነው፣ ጫማቸው ግን ደረቅ ነው።

«አልነካኝም!» ብለው ጮኹ። «አልጋነሽ፣ ነይ ውረጂ! አልነካኝም!»

አዳነች እልል አለች። ሙሽሮቹም ቢሆኑ ያን ቀን መራቁን ትተው ከሰዉ መሃል ገቡ። ግቢው ሙሉ በሙሉ እንደገና አንድ ቦታ ቆመ።

ካፒቴን ጁማ ገመዱን እያሰረ ሁዳን አንድ ነገር ጠየቃት።

«ምን አለ?» አሉ እማማ አልጋነሽ።

«ከእናንተ መሃል ከዚህ በፊት እዚህ የመጣ ማን ነው? ነው የሚለው።»

አሥራ አራት ጣት በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሁሉም ሁዳ ላይ ቀሰሩ።

ሁዳም ጫማዋን አውልቃ ፊት ፊታቸው ሄደች።